ሦስት ሱብሃነላህ

ከታሂር ጋር የተዋወቅነው በጠብ ነው። እኔ ያኔ ቆቦ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ለምሳ ወደ ቤቴ ስሄድ መንገድ ለማሳጠር፣ በከተማው ጫፍ ተጀምሮ በቀረው የሆቴል ህንፃ መሃል ሰንጥቄ ማለፍ ልማዴ ነበር። በጥር ወር 1965 ዓ.ም. አንድ ቀን ጃንጥላዬን ዘርግቼ ሳልፍ፣ ከማዶ አንድ ረጅም ቀጭን ሰው ድንጋይ ላይ ባስቀመጠው ትንሽ ሳጥን ላይ እንዳጎነበሰ ቆይቶ ቀና አለና «አበላሸኸው» አለኝ። ምኑን ብለው «ቀኑን» አለኝ። ሰው በቀትር ወደ ቤቱ ቢሄድ ቀን የሚበላሽበት አገር የት ነው ብዬ፣ ሌላም ሌላም ጨምሬበት ተለያየን። ቁጡ ነኝ፤ አልክድም። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ መንገድ ላይ ስንገናኝ ፊቴን አዞርበት ነበር።

ያንን ህንፃ ላላየ ሰው ነገሩ አይገባውም። አንድ የደሴ ነጋዴ የአስመራ መንገደኛ የሚያድርበት ሆቴል ላሠራ ብሎ፣ ጋሹ የሚባል ውጭ አገር የተማረ መሐንዲስ ከአዲስ አበባ አመጣ። ጋሹ ስድስት የአርማታ ምሰሶ አቆመ፣ በላያቸው ሰፊ ጠፍጣፋ ጣሪያ ዘረጋ፣ ወደ ላይ የሚወጣ ትልቅ ደረጃ ሠራ። የደረጃው መጨረሻ ሰማይ ነው፤ ሁለተኛው ፎቅ አልተሠራም። ግድግዳም የለውም። የኛ ሰው «ግድግዳ የረሳው ቤት» አለው፤ ስሙም በዚያው ጸና። ዝናቡ ሲቀርና መንገደኛው ሲሳሳ ነጋዴው ሥራውን አቆመ፤ ሠራተኛው ተበተነ፤ ታሂር ብቻ ጠባቂ ሆኖ ቀረ።

ታሂር የጎብዬ ሰው ነው፤ አናጢ። አርማታው እስኪደርቅ ቅርጹን ይዞ የሚቆየውን የጣውላ ሳጥን፣ ግንበኞች ካሳፎርማ የሚሉትን፣ የሠራው እሱ ነበር። «ይህ ቤት መጀመሪያ የተሠራው በእንጨት ነው» ይለኝ ነበር በኋላ፤ «አርማታው የኔን ባዶ ነው የሞላው።» መሐንዲሱ ይህን አነጋገሩን ወዶለት መሆን አለበት፣ ሲሄድ በእጅ የሚጠመዘዝ ትንሽ የፊልም ካሜራ ሰጠው። ሐሳቡ የጥላ ፊልም መሥራት ነው። ዓመቱን ሙሉ፣ በየቀኑ፣ ከአንድ ቦታ፣ ልክ በስድስት ሰዓት፣ ለሦስት ሰከንድ ያህል ህንፃው ይቀረጻል። ቁራጮቹ ሲቀጣጠሉ ጥላው በጥር ወደ ሰሜን፣ ወደ አላማጣ አዘንብሎ፣ በሰኔ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሮቢት ዞሮ፣ ህንፃው ሲተነፍስ ይታያል አለው። እንዲህ ያለ ፊልም በአገሩ ያየ ሰው የለም፤ የመጀመሪያው የኛ ይሆናል አለው።

ታሂር ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት አልነበረውም። ቁልፉን ተጭኖ ሦስት ጊዜ ቀስ ብሎ ሱብሃነላህ ይልና ጣቱን ያነሳል። ለካሜራው ከጣውላ መቀመጫ ሠርቶ ድንጋዩ ላይ ስለተከለው፣ በየቀኑ ንቅንቅ ሳይል እዚያው ይገባል። ከመሐንዲሱ የተሰጠው ሌላ ትእዛዝ አንድ ብቻ ነበር፤ ሰው እንዳይገባ።

በመጋቢት መጨረሻ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ታሂር ደብዳቤ ይዞ ደጄ ቆመ። ማንበብ አይችልም። ቆቦ ውስጥ ፊደል የቆጠረ ሰው ጠፍቶ አይደለም ወደ እኔ የመጣው፤ የተኮራረፈ ሰው ወሬ አያዞርም ብሎ ነው። ደብዳቤው ከጋሹ ነበር። «የመጀመሪያው ጥቅልል ጥሩ ወጥቷል። አንድ ቀን ግን ጃንጥላ የያዘ ሰው ገብቶበታል፤ ቆርጬ ጥዬዋለሁ። ዳግመኛ ሰው ከገባ ሥራውን ለሌላ ለመስጠት እገደዳለሁ» ይላል። ጃንጥላ የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። ታሂር ትክ ብሎ አየኝና ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደብዳቤ አንባቢውም ጸሐፊውም እኔ ሆንኩ።

ቤተሰቡ አብሮት አልነበረም። ሚስቱ መይሙና ሁለቱን ሴት ልጆቿን ይዛ አሰብ፣ ወደብ ላይ የሚሠራ ወንድሟ ዘንድ ሄዳለች። መሐንዲሱ የሚከፍለው ደመወዝ በሹፌር እጅ ለነሱ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ መሐንዲሱ ቢቆጣ የሚጎዱት ሁለቱ ልጆች መሆናቸውን ሁለታችንም እናውቃለን። እሱ የሚያድረው እዚያው ከደረጃው ሥር ነው። ቀኑን ሙሉ የሚሠራው የሦስት ሰከንድ ሥራ ብቻ ነው፤ ሌላው ጊዜ ባዶ ነው። አንድ ቀን «ድምፄ እንዳይጠፋብኝ ከምሰሶዎቹ ጋር አወራለሁ» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ፊቱን ባየው ቀልድ አልነበረም።

በሚያዝያ ሰው መምጣት ጀመረ። ከዞብል ግርጌ፣ ከዋጃ በኩል፣ ከብቱ ያለቀበት፣ ማሽላው ያልበቀለለት ሁሉ ወደ አስፋልቱ ወረደ። ገበያው ውስጥ ጥላ የለም፤ ግድግዳ የረሳው ቤት ግን ጥላ እንጂ ሌላ ነገር አልነበረውም። መጀመሪያ የመጣችው ሀሊሜ የምትባል አሮጊት ነበረች፤ ባሏንም ልጇንም መንገድ ላይ ቀብራ፣ አንዲት ቅል ይዛ ብቻዋን መጥታ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ስድስት ሰዓት ሲደርስ ታሂር ሄዶ፣

«እናቴ፣ ለጥቂት ጊዜ ወዲህ ከኋላዬ ፈቀቅ ይበሉልኝ» አላት።

ተነስታ ከኋላው ቆማ፣ አጎንብሶ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አየችው። ሲጨርስ፣

«የኔ ልጅ፣ እየቆጠርከን ነው?» አለችው።

«አዎ እናቴ።»

«ስማችንን ሳትጠይቅ?»

«ሳጥኑ ያውቃል» አላት።

በማግስቱም ሳትለመን እንድትነሳለት ብሎ ነው እንጂ ክፋት አስቦ አልነበረም። ማታውን እየሳቀ ነገረኝ። እኔም ሳቅሁ። ይህን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ሳቅሁ።

በሃያ ቀን ውስጥ ህንፃው ሥር ከአርባ በላይ ሰው ተሰበሰበ። እህል ሊሰጥ ነው፤ መዝጋቢው በሳጥን በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ይመዘግባል፤ ሲሉት ተነስቶ ገለል ያላለ አይመዘገብም፤ ይህን ሁሉ ተባብለው ያቀናበሩት ራሳቸው ናቸው። ከሀሊሜ አፍ የወጣው አንድ ቃል እዚህ ደረሰ። ታሂር ሰዓቱ ሲደርስ አንድ ጊዜ እጁን ከፍ ማድረግ ብቻ ነበር የሚጠበቅበት፤ ሁሉም ተደጋግፎ ይነሳና ከኋላው ይሰለፋል።

ሲነሱ ግን ቦታቸውን ባዶ አይተዉም። በኛ አገር ውሃ ጉድጓድ ላይ የሚሰለፈው ሰው አይደለም፤ እቃ ነው። ጀሪካን ወይም እንስራ ታስቀምጥና ወደ ጉዳይህ ትሄዳለህ፤ እቃ ከሌለህ ድንጋይ ታስቀምጣለህ፤ ስትመለስ ቦታህ ይጠብቅሃል። የሌላውን ድንጋይ የሚነካ ሰው በአገሩ ተወርቶበት ያልቃል። እነዚህም እንዲሁ ነው ያደረጉት። ሀሊሜ ቅሏን፣ አሊ የሚባል የዋጃ ሽማግሌ ዱላውን፣ በላይነሽ የምትባል ሴት የተሰበረ የገንቦ አንገት፣ ሌላው ድንጋዩን ደረጃው ላይ እያኖሩ ይነሳሉ። መሐንዲሱ ሰው እንዳይገባ አለ እንጂ ስለ ድንጋይ ያለው ነገር የለም። ታሂር ቀረጸው።

ሁለተኛው ጥቅልል ሲላክ «ስለ ሰዎቹ ልጻፍለት?» አልኩት።

«ምን ብለህ ትጽፋለህ? ሰው የለም በለው» አለኝ።

«ሰው የለም። ሁሉ ደህና ነው» ብዬ ጻፍኩ። በገዛ እጄ፣ በሚያምር ጽሕፈት።

በሐምሌ ሹፌሮች ወሬ አመጡ፤ ወልድያ መጠለያ ተከፍቶ ገንፎ ይሰጣል፣ ሐኪምም አለ ተባለ። በዚያ ወር ብቻ ከህንፃው ሥር ከነበሩት አምስት ሰው ቀብረናል። ታሂር ከካሳፎርማው በተረፈ ጣውላ ቃሬዛ ሠርቶ ነበር፤ ያንኑ ቃሬዛ ነው ደጋግመን የተሸከምነው። የሟቾቹ ድንጋይ ግን ከደረጃው አልተነሳም፤ የሰው ቦታ ነውና ማን ይንካው።

«ንገራቸው» አልኩት። «ለእግር መንገድ ሩቅ ነው፤ ግን አሁንም የሚችል አለ። ሳይደክሙ ንገራቸው።»

«ነገ።»

«ትናንትም ነገ ብለሃል።»

«ካንተ ምን እደብቃለሁ፣ ልናገር» አለኝ። «ጠዋት ስነቃ አርባ ሰው እንዴት አደርክ ይለኛል። ሀሊሜ የልጆቼን ስም በቃሏ ይዛ በየቀኑ ደህንነታቸውን ትጠይቀኛለች። ያለችኝን ቆሎ አካፍላታለሁ፣ አብሽር ልጄ፣ ይመጣሉ ትለኛለች። ሳጥኑ አያውቃችሁም ብዬ ብነግራቸው ይሄዳሉ። ሲሄዱ እኔ እንደገና ከምሰሶ ጋር ላወራ ነው።»

ተናደድኩበት። እኔስ ለምን አልነገርኳቸውም? አፍ አለኝ፤ ቤቴም ከዚያ ሩቅ አይደለም። የሱ ነገር ነው፣ የጀመረው ይጨርሰው ብዬ ተውኩት። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር እቤቴ ተቀምጬ መጽሐፍ አነብ ነበር።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ፀሐይዋ ልክ ከራስ በላይ ስለምትሆን ጥላው ከጣሪያው ሥር አይወጣም። ያን ቀን እኔም እዚያ ነበርኩ። ታሂር እጁን ከፍ አደረገ፤ ሰው ተነሳ። ሀሊሜ ቅሏን ሦስተኛው ደረጃ ላይ አስቀመጠች፤ ሁለት ሴቶች ደግፈው አመጧትና ከታሂር ጀርባ ፀሐይ ላይ ቁጭ አደረጓት። አጎነበሰ። ሱብሃነላህ፣ ሱብሃነላህ፣ ሱብሃነላህ። ጣቱን አንስቶ ዞር ሲል እኔ አስቀድሜ አይቻት ነበር። አንገቷ ወደ ትከሻዋ ዘንበል ብሏል፤ ዓይኗ ሳጥኑ ላይ ነው። በጥላ ውስጥ መሞት የምትችል ሴት ለፊልሙ ሲባል ፀሐይ ላይ ሞተች። ይህን የምለው እኔ ነኝ፣ እሱ አይደለም።

ቀብረናት ስንመለስ ሰዉ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነበር። ታሂር ካሜራውን ከመቀመጫው ነቅሎ በሁለት እጁ ይዞ ፊታቸው ቆመ።

«ይህ ሳጥን አያውቃችሁም» አላቸው። «የቤቱን ጥላ ነው የሚስለው። እህል የለም፤ መዝገብም የለም። ሲጀመር የዋሸኋችሁ እኔ ነኝ። ወልድያ ምግብ አለ ይላሉ። መሄድ የምትችሉ ሂዱ።»

ይሰድቡታል፣ ቢያንስ ድንጋይ ያነሱበታል ብዬ ጠበቅሁ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። አሊ፣ ያ የዋጃ ሽማግሌ፣

«ሳጥኑስ አያውቀን» አለው። «አንተም አላየኸንም ወይ?»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላና በማግስቱ ጠዋት፣ እግር ያለው ሁሉ እየተደጋገፈ በአስፋልቱ በጎብዬ በኩል ወደ ወልድያ ሄደ። እኔም አንድ የጭነት መኪና ለምኜ ደካሞቹን አሳፈርኩ፤ ከወር በፊት መለመን እችል እንደነበር እያሰብኩ ነበር። አሊ መኪናው ላይ ሲወጣ ዱላውን ከደረጃው አላነሳም። ረስተኸዋል ብለው «ይቆይ፤ ወረፋዬን ይጠብቅልኝ» አለ። የምን ወረፋ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ታሂር ከዚያ በኋላም ዓመቱ እስኪሞላ በየቀኑ ቀረጸ። ገለል በሉ የሚለው ሰው አልነበረም። የሄዱት ሰዎች እቃዎች አብረዋቸው ሄደዋል፤ የሞቱትና ደብዛቸው የጠፋ ሰዎች እቃና የአሊ ዱላ ግን ደረጃው ላይ እንዳሉ ናቸው። ነፋስ ቢያንከባልላቸው መልሶ ቦታቸው ያኖራቸዋል። ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ በምሳ ሰዓት እየሄድኩ ከጎኑ እቆም ነበር፤ ሦስቱን ሱብሃነላህ ጨርሶ ቀና ሲል የሚያናግረው ሰው እንዲኖር ያህል ነው።

በግንቦት 1966 ጋሹ ለሁለታችንም የአውቶቡስ ቲኬት ልኮ አዲስ አበባ ጠራን። ፊልሙ አንድ አዳራሽ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ሊታይ ነው። ከተማዋ ያን ጊዜ በሰልፍና በወሬ ትታመስ ነበር፤ የወሎ ረሃብ በየሰዉ አፍ ነው። አዳራሹ ውስጥ ግን ጸጥታ ነበር፤ ተማሪዎች፣ ሠዓሊዎች፣ ነጭ ፀጉር ያላቸው የውጭ ሰዎች ተቀምጠዋል። ታሂር ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ከአጠገቤ ተቀመጠ። መብራት ጠፋ።

አሥራ ስምንት ደቂቃ ያህል ነው። ድምፅ የለውም። ምሰሶዎቹ፣ ጣሪያው፣ ሰማይ ላይ የሚያልቀው ደረጃ፤ በየሦስት ሰከንዱ ቀኑ ብልጭ ብሎ ይቀየራል፤ ጥላው ይሰበሰባል፣ ይዘረጋል። መሐንዲሱ እንዳለው ህንፃው ይተነፍሳል። እውነቱን ልናገር፣ ያምራል። ከዚያ ደረጃው ላይ አንዲት ቅል ታየች። ከቅሏ አጠገብ ዱላ። ድንጋዮች አንድ በአንድ እየበዙ መጡ፣ ደረጃውን ሞሉት፤ ነሐሴ ላይ በአንዴ ተመናመኑ። የቀሩት አሥራ ሁለት እቃዎች እስከ መጨረሻው ሳይነቃነቁ ቆዩ፤ በላያቸው ጥላ መጣ፣ ሄደ። ሰው አንድም ጊዜ አልታየም። እኔን እንኳን ቆርጦ ጥሎኛል።

መብራት ሲበራ አንዲት ሴት እጇን አውጥታ ድንጋዮቹ እጅግ እንደነኳት ተናገረች፤ የማን ሐሳብ ነው ብላ ጠየቀች። ጋሹ ፈገግ አለና «እዚያ የሚቀርጸው ረዳቴ የጨመረው ነው» አለ። «እኔ አላዘዝኩትም። አናጢ ነው፤ ዓይኑ ግን የሠዓሊ ነው። እነሆ እዚህ ተቀምጧል።» ሰው ሁሉ ዞሮ አጨበጨበለት። ታሂር ይነሳ ወይስ ይቀመጥ ግራ ገብቶት ግማሽ ተነስቶ ቆመ። ጋሹ ክፉ ሰው አልነበረም። «ሰው የለም፤ ሁሉ ደህና ነው» ተብሎ ነው የተጻፈለት።

አዳራሹ ባዶ ከሆነ በኋላ ታሂር ፊልም የሚያሳየውን ሰውዬ አንዴ እንዲደግምለት ለመነው። ሰውዬው ጥቅልሉን መልሶ ማሳያው ላይ ጫነው። ታሂር ወንበር ላይ አልተቀመጠም፤ ሄዶ ከሸራው አጠገብ ቆመ፤ የምሰሶዎቹ ጥላ በኮቱ ላይ ያልፍ ነበር።

«መምህር፣ ወረቀት ይዘሃል?» አለኝ።

የፕሮግራሙን ወረቀት ገልብጬ እርሳሴን አወጣሁ።

«ይቺ ቅል የሀሊሜ ናት፤ ከዞብል። ይህ ዱላ የአሊ ነው፤ እሱ ሄዷል፣ ይመለስ ይሆናል። የገንቦው አንገት የበላይነሽ። ይህ ጠፍጣፋ ድንጋይ የራህመት፤ ጎኗን ያማት ነበር። ይህኛው የወንድሟ።» እንዲህ እያለ በጣቱ እየነካ አሥራ አንድ ስም አስቆጠረኝ። ከየት እንደመጡ፣ ምን እንደሚያማቸው፣ ማን እንደቀበራቸው ይጨምራል። ስሞቹን ለመድረስ ስቸኩል ያ የሚያምር ጽሕፈቴ ተበላሸ።

በመጨረሻው ደረጃ፣ ከምሰሶው ሥር፣ የአንድ እግር በረባሶ ነበረ።

«ይህስ?» አልኩት።

ጣቱን በረባሶው ላይ አድርጎ ቆየ። ጥላው ሁለት ሦስት ቀን አለፈበት።

«አላውቅም» አለኝ። «አንድ ቀን ብቻ ነው የነበረው፤ በማግስቱ በረባሶው እንጂ እሱ አልነበረም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ገለል በል አልኩት፣ ገለል አለ። ጥላው እንዳያመልጠኝ ወደ ሳጥኑ ነበር የማየው። ፊቱን አላየሁትም።»

ፊልሙ አልቆ ሸራው ነጭ ሆነ። አሥራ ሁለተኛውን ቁጥር ጽፌ ከፊቱ ምንም ሳልጨምርበት ወረቀቱን ሰጠሁት። ታሂር ማንበብ ባይችልም ጣቱን በየመስመሩ እያሳረፈ ወደ ታች ወረደ፤ ባዶው መስመር ላይ ሲደርስ እዚያው አቆማት።